አንደበቱ የተያዘ ሰው ቀልቡ በምን ይለካል?

እስቲ አንድ አባት ይታሰቡ። ዕድሜያቸው 60ን አልፏል። መርካቶ ውስጥ 30 ዓመት ጨርቅ ሸጠዋል፤ ሒሳብ በወረቀት ሳይሆን በልባቸው ነበር የሚሠሩት። አንድ ማለዳ ስትሮክ መታቸው። ቀኝ እጃቸው ዛለ፤ አንደበታቸው ተያዘ። በሳምንቱ ወጣቱ ሐኪም አልጋቸው አጠገብ ቆሞ፣ «አባባ፣ ከ100 ላይ 7 ሲቀነስ ስንት ይሆናል?» ሲል ጠየቃቸው። ትክ ብለው አዩት። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። «ዘ... ዘጠ... አይ... አይ!» አሉና በግራ እጃቸው አልጋውን መቱት። «ችግር የለም አባባ። እሺ፣ ዓለም የሚለውን ቃል ፊደላቱን ከመጨረሻው ጀምረው ይንገሩኝ።» ዝም አሉ። ሐኪሙ ወረቀቱ ላይ ጻፈ፦ ትኩረት፣ ከ5 ዜሮ።

በር ላይ የቆሙት ልጆች ተያዩ። «አእምሮአቸውም አብሮ ሄዷል ማለት ነው?» አለች ትልቋ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሰው ሁሉ በአባትየው ራስ ላይ ማውራት ጀመረ። ስለ ሱቁ ቁልፍ፣ ስለ ባንክ ደብተሩ፣ ስለ መድኃኒታቸው እሳቸው ባሉበት ይወራል፤ እሳቸውን የሚጠይቅ ግን የለም።

ከወር በኋላ ቤት ውስጥ ቡና እየተቆላ ሳለ ቆይዋ ስልክ አንስታ ወጣች። ከተቀመጡት ሁሉ ቀድመው ቡናው ማረሩን ያወቁት እኚሁ አባት ናቸው። በግራ እጃቸው ወደ ምጣዱ እየጠቆሙ «እ! እ!» አሉ። ማታ ደግሞ ከጎረቤታቸው ጋር ዳማ ተቀምጠው፣ ጎረቤትየው በጨዋታ ተዘናግቶ ያጋለጠውን ጠጠር ወዲያው በሉበት። ታዲያ የትኛው ይታመን? ዜሮው ወይስ ዳማው?

እኚህ አባት ምሳሌ ናቸው። ጥያቄው ግን ምሳሌ አይደለም። ከስትሮክ ከተረፉ ሰዎች ሲሦ ገደማ የሚሆኑት፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ሐኪሞች አፌዥያ የሚሉት የቋንቋ ችግር ይገጥማቸዋል። በመኪና አደጋ ወይም በዕጢ ምክንያት አንጎላቸው የተጎዳ ሰዎችም እንዲሁ። ቃል ይጠፋባቸዋል፣ ወይም የሚሰሙት ንግግር ትርጉሙ ያመልጣቸዋል፣ ወይም ማንበብና መጻፍ ያቅታቸዋል። የእነዚህን ሰዎች ትኩረት ለመለካት በብዛት የሚቀርብላቸው መሣሪያ ደግሞ ያው ያጡት ነገር ነው፤ ቋንቋ። እግሩ የተሰበረን ሰው ትንፋሹን ለመለካት «እስቲ ሩጥ» እንደማለት ነው። ሳይሮጥ ሲቀር ደግሞ «ሳንባው ሞቷል» ተብሎ ይጻፍበታል።

ቀልብ አንድ ነገር አይደለም

አማርኛ ለትኩረት የራሱ ቃላት አሉት፤ ልብ ማለት፣ ጆሮ መስጠት፣ ቀልብ መሰብሰብ። የአንጎል ባለሙያዎችም ትኩረትን በየፈርጁ ይከፍሉታል። ረጅም ቅዳሴ ሳይዘናጉ መከታተል አንድ ነገር ነው፤ ጸንቶ የሚቆይ ትኩረት ይባላል። በታክሲ ተራ ላይ አሥር ወያላ እየጮኸ የራስን ሰፈር ስም ብቻ ነጥሎ መስማት ሌላ ነው፤ መራጭ ትኩረት። ወጥ እያማሰሉ ስልክ ማውራት ሦስተኛው ነው፤ የተከፋፈለ ትኩረት። ለአንዱ ደንበኛ መልስ ሰጥቶ ወዲያው ወደ ሌላው ሒሳብ መዞር ደግሞ አራተኛው፤ ትኩረትን ማዘዋወር። ከእነዚህ አንዱ ተጎድቶ ሌላው ደህና ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ትኩረት የለውም» የሚል አንድ መስመር ፍርድ፣ ንግግሩ ደህና ለሆነ ሰው እንኳ ብዙ አይነግርም።

አንደበቱ ለተያዘ ሰው ደግሞ ጭራሽ ያሳስታል። በዓለም ላይ እጅግ የተለመደውን የአእምሮ መመዘኛ እንውሰድ ቢባል፣ ከ1975 ጀምሮ በየሆስፒታሉ የሚሠራበትን ባለ 30 ነጥቡን ሚኒ ሜንታል ማየት ይበቃል። ቀንና ቦታ መናገር 10፣ ሦስት ቃል መድገም 3፣ ከ100 ሰባት ሰባት እየቀነሱ መቁጠር ወይም ቃልን ከኋላ መጥራት 5፣ ቃላቱን ማስታወስ 3፣ ዕቃ መሰየም፣ ዓረፍተ ነገር መድገም፣ ትእዛዝ መፈጸም፣ ማንበብና መጻፍ በድምሩ 8፣ ሥዕል መገልበጥ 1። ከ30ው 29 ነጥብ በቀጥታ በቋንቋ በር ያልፋል። የቀረችው አንዷም ብትሆን «ይህን ገልብጥ» የሚለውን ትእዛዝ መረዳት ትፈልጋለች።

በ2005 የወጣው ሞካ የሚባለው መመዘኛ ለትኩረት 6 ነጥብ ይሰጣል። ቁጥሮችን ሰምቶ ወደፊትና ወደኋላ መድገም፣ ከሚነበቡ ፊደላት መካከል አንዷ ስትጠራ በእጅ መምታት፣ አሁንም ሰባት ሰባት መቀነስ። የቀለም ስሞችን የሚጠቀመው የስትሩፕ ፈተና ማንበብና መሰየም ይጠይቃል። ቁጥርና ፊደል እያፈራረቁ በመስመር ማገናኘት የሚጠይቀው ፈተና ደግሞ የፊደል ቅደም ተከተልን ይፈልጋል፤ ከዚያም በላይ እርሳስ የሚይዝ ደህና እጅ። አፌዥያ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከግራው የአንጎል ክፍል ጉዳት ነው፤ የግራው አንጎል ደግሞ ቀኝ እጅን ያዝዛል። ስለዚህ አንደበቱ የተያዘው ሰው ብዙ ጊዜ የሚጽፍበት እጁም አብሮ የዛለ ነው።

ብሮካ ያደረገው

ነገሩ አዲስ ግኝት አለመሆኑ ያስገርማል። በ1861 ፓሪስ አጠገብ በቢሴትር ሆስፒታል ሌቦርኝ የሚባል በሽተኛ ነበር። ምንም ቢጠየቅ የሚመልሰው «ታን» የምትል ድምፅ ብቻ ስለነበረች ሰው ሁሉ ታን ይለው ነበር። እግሩ ታምሞ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ሲመጣ የመረመረው ፖል ብሮካ ነው፤ በኋላ የአንጎል የንግግር ክፍል በስሙ የተጠራለት ሐኪም። ብሮካ ይህ ሰው የሚሰማውን ይረዳ እንደሆነ ማወቅ ፈለገ። በሆስፒታሉ ስንት ዓመት እንደቆየ ጠየቀው። ሌቦርኝ ደህና የነበረውን ግራ እጁን አራት ጊዜ ዘርግቶ አጠፈ፤ ከዚያ አንድ ጣት አነሳ። አምስት ሲባዛ አራት፣ ሲደመር አንድ፤ 21 ዓመት። ትክክል ነበር። ብሮካ ያንኑ ጥያቄ ደጋግሞ ሲያቀርብለት ሰውየው እየተፈተነ መሆኑ ገባውና ተቆጣ።

በዚያች ትንሽ ትእይንት ውስጥ ትልቅ ትምህርት አለ። ሐኪሙ መልሱ በአፍ እንዲመጣ አላስገደደም፤ በእጅ ሲመጣ ተቀበለ። ቁጣውንም እንደ በሽታ ምልክት ብቻ አላየውም፤ የተደጋገመ ጥያቄን ማወቅ ራሱ የቀልብ ማስረጃ ነውና። ደግሞ ብሮካ ሰውየው ፍጹም ጤነኛ ነው አላለም፤ ያልመለሳቸው ጥያቄዎች እንደነበሩም መዝግቧል። ብዙ ዓመት ያስቆጠረ ልማድ ሆኖ መቅረት የነበረበት ይህ ጥንቃቄ ዛሬም በብዙ አልጋ አጠገብ አይታይም።

ተቃራኒው ስህተትም አለ

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። «ቋንቋው ነው እንጂ አእምሮው ደህና ነው» ማለት ለቤተሰብ ያጽናናል፤ ሁልጊዜ እውነት ግን አይደለም። ትኩረትና ቋንቋ ጎረቤቶች ናቸው። የአንዱ ቤት ሲቃጠል ለሌላው ጢስ መድረሱ አይቀርም። በ1990ዎቹ የተሠሩ ጥናቶች ቀላል አፌዥያ ያለባቸውን ሰዎች በሁለት ሥራ መካከል ትኩረታቸውን እንዲከፍሉ ሲያደርጉ፣ ጸጥ ባለ ቦታ ደህና ይሠሩት የነበረው የቋንቋ ሥራ ሲበላሽ አይተዋል። ማክኒል የሚባሉት አሜሪካዊ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እንዲያውም የአፌዥያ አንዱ ሥር ትኩረትን በአግባቡ ማከፋፈል አለመቻል ነው የሚል ሐሳብ አቅርበዋል።

ይህ በኑሮ ውስጥ ምን ይመስላል? አንዲት እናት ከስትሮክ በኋላ ቀስ በቀስ መናገር ጀምረዋል እንበል። ከአንድ ሰው ጋር ጸጥ ባለ ክፍል ሲቀመጡ ጨዋታቸው ይያዛል። ቴሌቪዥን ተከፍቶ፣ የልጅ ልጆች እየተሯሯጡ፣ ሦስት ጠያቂ በአንድ ጊዜ «እንዴት ነዎት እማማ?» ሲላቸው ግን ጥፍት ይላሉ። ቤተሰቡ «ዛሬ ደግሞ ንግግራቸው ባሰ» ይላል። ንግግራቸው አልባሰም። ያነሰው ትኩረታቸውን የሚያካፍሉበት አቅም ነው። መፍትሔውም የቃላት ልምምድ ብቻ ሳይሆን ቴሌቪዥኑን መዝጋትና ጠያቂን አንድ በአንድ ማስገባት ነው። ትኩረት በትክክል ካልተለካ ይህ አይታወቅም። ስለዚህ ስህተቱ ሁለት አቅጣጫ አለው። አንዱን ደህናውን ሰው «አእምሮ የለውም» ያሰኛል፤ ሌላውን የተጎዳውን «ቃል ብቻ ነው የጠፋው» ብሎ ያለ እርዳታ ያስቀራል።

በቃል ያልታሰረ መለኪያ

መንገዱ አለ፤ ውድም አይደለም። ወረቀት ላይ ከተበታተኑ ብዙ ምስሎች መካከል አንዱን ዓይነት ብቻ እየፈለጉ መሰረዝ የቆየ ፈተና ነው። ተፈታኙ አይናገርም፤ ይፈልጋል፣ ይሰርዛል። በጣውላ ላይ የተደረደሩ ዘጠኝ ኩቦችን መርማሪው በቅደም ተከተል ሲነካ አይቶ ያንኑ መድገም ሌላው ነው፤ ኮርሲ ይባላል። ቁጥር ሰምቶ መድገም ያቃተው ሰው ይህን በደህና ሊሠራው ይችላል፤ ያን ጊዜ ችግሩ ከጆሮ እስከ አፍ ባለው መንገድ ላይ እንጂ በቀልቡ ላይ አለመሆኑ ይጠረጠራል።

በ2015 የታተመው የኦክስፎርድ የአእምሮ መመዘኛ ከነዚህ ሐሳቦች ተነስቶ ለስትሮክ ሕሙማን ተብሎ የተሠራ ነው። በተቻለ መጠን በመጠቆም ይመለሳል። ትኩረትን በተሰበሩና ባልተሰበሩ የልብ ሥዕሎች ይለካል። ትኩረት ማዘዋወርን ደግሞ በቁጥርና በፊደል ፈንታ ክብና ሦስት ማዕዘንን ከትልቅ ወደ ትንሽ እያፈራረቁ በማገናኘት ይፈትሻል። ፊደል የማያውቅም ሊሠራው ይችላል።

ሆኖም ቃል አልባ ፈተናም ንጹሕ መስታወት አይደለም። ትእዛዙን መረዳት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ዝም ብሎ ሲሠራ እንኳ በውስጡ ለራሱ ያወራል፤ ያ የውስጥ ንግግር የተሰበረበት ሰው ሊዘገይ ይችላል። እርሳስ ይዞ የማያውቅ ሰው ሥዕል መሰረዝ ራሱ እንግዳ ነገር ይሆንበታል። የዓይን ችግር፣ ግማሽ ወረቀቱን አለማየት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ሐዘን፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት፣ ሁሉም ውጤቱን ያወርዳሉ። ስለዚህ አዋቂ መርማሪ አንድ ውጤት ይዞ አይፈርድም። መጀመሪያ ራሱ ሠርቶ ያሳያል፣ ያለማምዳል፣ ግራ እጅን ይፈቅዳል፣ ጠዋት የታየውን በሌላ ቀን ይደግማል፣ ቤተሰቡን «በዳማው ላይ እንዴት ናቸው? ጫጫታ ሲኖርስ?» ብሎ ይጠይቃል።

አማርኛ ላይ ሲመጣ

ችግሩ በአማርኛ ተናጋሪ ላይ ሲደርስ ይደራረባል። የእንግሊዝኛው ፈተና ከኋላ እንዲጠራ የሚጠይቀው ቃል አምስት ፊደል አለው፤ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ነጥብ። «ዓለም» ግን ሦስት ፊደል ነው። በግዕዝ ፊደል እያንዳንዱ ምልክት ተነባቢና አናባቢን ይዞ ይመጣልና፣ ቃሉን መገልበጥ ራሱ ሌላ ዓይነት ሥራ ነው። ቃሉ ሲተረጎም የነጥቡ ትርጉም አብሮ አይተረጎምም።

ቁጥር መድገምም እንዲሁ። በእንግሊዝኛ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ካሉት ቁጥሮች ከሰባት በቀር ሁሉም በአንድ ክፍለ ድምፅ ያልቃሉ። በአማርኛ ሁለት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ ሁሉም ረዘም ይላሉ። በ1980 የታተመ ጥናት የዌልስ ቋንቋ ቁጥሮች ለመጥራት ረዘም ያለ ጊዜ ስለሚወስዱ፣ ሁለቱንም ቋንቋ የሚችሉ ሰዎች በዌልስኛ የሚይዙት የቁጥር ብዛት ከእንግሊዝኛው እንደሚያንስ አሳይቷል። እንግዲህ በእንግሊዝኛ የተቀመጠ የማለፊያ ነጥብ እንዳለ ወደ አማርኛ ሲገባ፣ ጤነኛውም ሰው ሳይታመም ነጥብ ሊጎድልበት ይችላል።

ትምህርት ቤት ያልገባች፣ ግን ዕድሜዋን ሙሉ በገበያ ሽንኩርት እየሸጠች ምላሽ ያልተሳሳተች ሴት «ከ100 ሰባት ሰባት ቀንሺ» ስትባል ዝም ብትል ምን ተለካ? ትኩረቷ ወይስ ያልተቀመጠችበት ወንበር?

በውጭ አገር የሚኖረው ወገን ደግሞ ሌላ አጥር አለበት። በአሜሪካ የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኙ ሆስፒታሎች አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ መልካም ነው። ነገር ግን ለአፌዥያ ሕመምተኛ አስተርጓሚ ብቻውን አይበቃም። ጥሩ አስተርጓሚ የተሰባበረ ንግግርን አቃንቶ ማቅረብ ልማዱ ነው፤ መርማሪው ማየት የሚፈልገው ግን ስብራቱን ራሱን ነው። በዚያ ላይ ሁለት ቋንቋ የሚናገር ሰው ሁለቱ ቋንቋዎቹ እኩል ላይጎዱ፣ እኩልም ላይመለሱ እንደሚችሉ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ይታወቃል። 20 ዓመት በእንግሊዝኛ የሠራ ሰው በአማርኛ ብቻ ወይም በእንግሊዝኛ ብቻ ተፈትኖ «ትኩረት የለውም» ቢባል ግማሹ ሰው አልታየም።

ከወረቀቱ በኋላ የሚመጣው

ይህ ሁሉ የባለሙያዎች ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ለባለሙያዎች በተተወ ነበር። ነገር ግን ያቺ «ከ5 ዜሮ» ከሆስፒታል ትወጣለች። «ትእዛዝ አይከተልም» ተብሎ የተጻፈበት ሰው የማገገሚያ ሕክምና ተራ ሲደለደል ወደኋላ ይቀራል። ትኩረት የለውም የተባለ ሰው ወደ ሥራው እንዲመለስ አይታሰብም። ውክልና ለመስጠት ሲቀርብ አውቆና ፈቅዶ መፈረሙ ይጠየቃል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ አንድ ሰው በአእምሮ ሕመም ምክንያት የሚሠራውን ሥራ ከባድነት መረዳት ካልቻለ፣ ፍርድ ቤት በራሱ ንብረት ላይ እንዳያዝ ሊከለክለው እንደሚችል ይደነግጋል። ክልከላው ለሰውየው ጤናና ጥቅም ሲባል ብቻ ሳይሆን ለወራሾቹ ጥቅም ሲባልም ሊወሰን ይችላል። ሕጉ የተጻፈው ለመጠበቅ ነው። ግን በተሳሳተ መለኪያ የተሞላ የሐኪም ወረቀት እጁ ውስጥ ሲገባ፣ ችኩል ወራሽ ላለው አባት ጥበቃው ወጥመድ ይሆናል።

ድሮ በአደባባይ ችሎት «በላ ልበልሃ» እየተባለ ሙግት ይካሄድ በነበረበት ዘመን፣ ርቱዕ አንደበት ያለው ያሸንፍ ነበር። አንደበት ለሌለው ግን ነገረ ፈጅ ይቆምለት ነበር። ዝም ያለ ሰው ክስ ስላልመለሰ ብቻ እውነት የለውም ተብሎ እንዳይቀር ማለት ነው። የዛሬው አንደበቱ የተያዘ ሕመምተኛ ያን ያህል እንኳ ተከራካሪ የለውም።

«ሐኪሙ በር ላይ 40 ሰው እየጠበቀው ይህን ሁሉ ከየት ያመጣል?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። መልሱ ግን ቀላል ነው። የመሰረዣ ወረቀት ጥቂት ደቂቃ ነው የሚወስደው። ያም ባይቻል አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ይቻላል፦ «ሕመምተኛው የቋንቋ ችግር ስላለበት የትኩረት ፈተናው ውጤት አይታመንም፤ ቃል በማይፈልግ መንገድ ይደገም።» ዜሮ ከመጻፍ አይረዝምም ማለት ይቻላል፤ የሚያድነው ግን ብዙ ነው። ዩኒቨርሲቲዎችም እዚህ ላይ ሥራ አላቸው። የተማሩና ያልተማሩ፣ ወጣትና አዛውንት ጤነኛ ኢትዮጵያውያን ልብ ሲሰርዙና ኩብ ሲነኩ ስንት እንደሚያገኙ ሳይታወቅ የታመመው ከማን ጋር ይነጻጸራል? ይህ ሕንፃም ውድ ማሽንም የማይፈልግ የምርምር ሥራ ነው። ወረቀት፣ እርሳስና ትዕግሥት ይበቁታል።

ቤተሰብም የሚያደርገው አለ። በሕመምተኛው ራስ ላይ አለማውራት፤ ጥያቄን አጭር አድርጎ አንድ በአንድ ማቅረብ፤ በእጅ፣ በዓይን፣ በሥዕል የመጣን መልስ እንደ መልስ መቀበል፤ ሰውየው በየትኛው ሰዓት ንቁ፣ በምን ጫጫታ ውስጥ ጥፍት እንደሚል መዝግቦ ለሐኪሙ መንገር። ይህ ማስታወሻ አንዳንድ ጊዜ ከፈተናው ወረቀት የበለጠ ይናገራል።

የመርካቶው አባት አሁንም ሳሎን ተቀምጠዋል። ልጆቹ ስለ ሱቁ ሽያጭ ይመካከራሉ፤ ትልቁ ልጅ ዋጋ ጠራ። አባትየው አንገታቸውን በኃይል ነቀነቁ፤ ግራ እጃቸውን ዘርግተው አጠፉ፣ እንደገና ዘረጉ። «አባባ ደከማቸው፤ ወደ አልጋ ይውሰዷቸው» አለ አንዱ። ዋጋው እንዳነሰ እየነገሯቸው ነበር።